ሳጂዳ የምትጠላት ሴትዮ

«ከሁሉም ከሁሉም የምትደብረኝ እናትየዋ ናት» አለች ልጄ፣ እኔ በሩ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ እንዳልኩ። «ስትመለስ ራሱ ያመኛል። እዛው በቀረች።»

ቀኝ እግሬ ከጫማው ወጥቷል፣ ግራው አልወጣም፤ እንደዛው ቀጥ ብዬ ቀረሁ። አንዱ እጄ ላይ የማንጎ ፌስታል አለ፣ ሌላው ግድግዳውን ይዟል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደሩ ላይ የጎረቤት ልብስ ተሰጥቷል፣ ከላይኛው ፎቅ ሰው ሚስማር ይመታል፣ እኔ ደግሞ በአንድ እግሬ ቆሜ የገዛ ልጄ ስትፈርድብኝ እሰማለሁ። ምን ልበላችሁ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ሳጂዳ መልስ ልትሰጠኝ የተቀጣጠርንበት ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ ዘምዘም ናት፣ እዚሁ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። አባቷ ሃይደር ገና ስትድህ ትቶን ሄዷል፤ ወሬውም ጠፍቷል። ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ለሚ ኩራ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይቼ፣ አልጋ ገዝቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ፣ ልጄን ልወስድ ተዘጋጅቻለሁ። ዘምዘም ግን ቁርጡን ነግራኛለች። እኔ አልይዛትም፣ አልገፋትምም፣ ልጅቷ አፍ አላት፣ ቅዳሜ ራሷ ትንገርሽ ብላኛለች። ይኸው ገና ሳልገባ ተነገረኝ አልኩ በልቤ።

ወዲያው ሌላ ድምፅ ሳቀ። «ሳጂ፣ ዜሮ? ቢያንስ ለድምጿ ሁለት ስጫት። ድምጿ እኮ ያምራል።»

ይቺ ሀይሚ ናት፣ ከታች ፎቅ ያለችው ጓደኛዋ። እኔ የባሰ ግራ ገባኝ። እናት በድምጿ ነጥብ ይሰጣታል እንዴ? ያውም የእኔ ድምፅ እንኳን ለሙገሳ ለስልክም አይሆንም፤ ከሪያድ በኢሞ ስደውል ሳጂዳ ሁልጊዜ ጮክ ብለሽ አውሪ ነበር የምትለኝ። ግራውንም አወለቅኩና አሰላሙ አለይኩም ብዬ ገባሁ። ሁለቱ ሶፋው ላይ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል፤ አንዱን ኤርፎን ለሁለት ተካፍለው፣ ግንባርና ግንባራቸው ሊጋጭ ትንሽ ቀርቶታል። ነገሩ ሲጠራ ስለ እኔ አልነበረም። የጃፓን ካርቱን ነው። ካርቱን ስል ሳጂዳ አኒሜ ብላ አረመችኝ፤ ስሙንም ደጋግማ ነገረችኝ፣ ምላሴ ላይ አልቀመጥ አለ እንጂ። የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ዛሬ እዛ ግሩፕ ላይ ሁሉም የሚወደውንና የሚጠላውን ገጸ ባሕርይ ነጥብ እየሰጠ ይጨቃጨቃል። ሳጂዳ ዜሮ የሰጠቻት ሴትዮ ሚዙካ የምትባል የካርቱን እናት ናት። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ማንጎውን ጭኔ ላይ አደረግኩና በሻሼ ጫፍ ላቤን ጠረግኩ። ታዲያ ምን አጥፍታ ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

ሀይሚ ናት የተረከችልኝ። ሚዙካ የደሴት ሴት ናት፤ ባሏን ባሕር በልቶታል። ዓሣ ሲጠፋ፣ ረሃብ ሲመጣ ሁለት ልጆቿን ለጎረቤት አሮጊት ትታ መርከብ ተሳፈረች፤ ትልቅ ከተማ ገባችና የአንድ ሹም ቤት ሠራተኛ ሆነች። በየዓመቱ ጨርቅና እህል ትልካለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ሣጥን አሸክማ ትመለሳለች። አለቀ። አለቀ ወይ አልኳት፣ አለቀ አለችኝ። እንግዲህ ጥፋቷን ፈልጉልኝ። ሳጂዳን አየኋት፤ ስልኳን እያየች ነው። በጣም የሚወደደውስ ማነው ብል ሁለቱም በአንድ አፍ ራይሶ አሉ። ራይሶ ምን አደረገ? አንድ መንደር ሙሉ አቃጠለ። ሰው ገደለ፣ ያውም ብዙ ሰው። እሱን ነው የሚወዱት፤ ዘጠኝም ዘጠኝ ተኩልም እየሰጡት። ያ አላህ፣ መንደር ያቃጠለው ተወደደ፣ ልጆቿን ልታበላ የተሰደደችው ተጠላች! ሳጂዳ ኤርፎኗን ከጆሮዋ ነቀለች። «ተይው ሸምሲ፣ አይገባሽም» አለችና ቱቶሪያል ረፈደብኝ ብላ ተነሳች። ሸምሲ ነው የምትለኝ። እማ የምትላት ዘምዘምን ነው። ይሄን አንድም ቀን አላረምኳትም፤ ዘጠኝ ዓመት የለመደችውን ስም ዛሬ ቀይሪ ልበላት? ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና ስመለስ እናወራለን አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ዘምዘም ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ኩሽናው ለሁለት ሰው አይበቃም፤ አንዱ ሲዞር ሌላው ግድግዳ መሆን አለበት። ማንጎውን ማጠቢያው ላይ አስቀመጥኩ። ስንት ገዛሽው አለችኝ፣ መቶ ሰማንያ አልኳት፣ ሌባ ናቸው አለች። ከለሚ ኩራ በመገናኛ ዞሬ መምጣቴን፣ ታክሲው ታሪፍ መጨመሩን፣ ውኃ ከመጣ አምስት ቀን እንዳለፈው ነገርኳት። እሷም የዘይቱን ነገረችኝ። እኛ እህትማማቾች እንደዚህ ነን፤ የዘይት ዋጋ ካለቀብን አፍ የለንም። ሪያድ ሆኜ በየሳምንቱ ስንደዋወል እንኳ ሳጂዳ በልታለች፣ ሳጂዳ ጉንፋን ይዟታል፣ ሳጂዳ ሦስተኛ ወጥታለች እንጂ፣ ሳጂዳ ምን ታስባለች ተባብለን አናውቅም። እኔም አልጠየቅኩ፣ እሷም አልነገረችኝ። ዛሬ ግን መቻል አቃተኝና ያን የጃፓን ካርቱን አይተሽው ታውቂያለሽ አልኳት። ከምስሩ ቀና ሳትል ታዲያስ አለችኝ፤ አርብ አርብ አብሬያት ነው የማየው፣ ቋንቋው ባይገባኝም ሳጂ ትተረጉምልኛለች አለች። እኔ የምወደው ራይሶን ነው ብላ ጨመረች። ወላሂ ማጠቢያውን ተደግፌ ቀረሁ። ይቺ አምስት ወቅት ሶላቷ የማይዛነፍ፣ ጉንዳን ረግጣ አስተግፊሩላህ የምትል እህቴ መንደር ያቃጠለ ሰው ትወዳለች! ለምን ስላት ሲጠይቁት አይዋሽም አለችኝ፤ አቃጠልክ ወይ ሲሉት አቃጥያለሁ ይላል፣ ማንን ገደልክ ሲሉት ስማቸውን ይጠራል። ሚዙካንስ አልኩ። አንዲት ጠጠር አነሳች፣ መልሳ ትሪው ላይ ጣለቻት፣ እንደገና አነሳቻት። «ደግሞ ሽንኩርቱ እኮ ጨመረ» አለች።

ከዚያ ቤት ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ደረጃውን ወረድኩና ሕንፃው ሥር ጁስ ቤት በር ላይ ሀይሚን አገኘኋት። ኪሷን እየዳበሰች ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ዋጋ ታነባለች። ነይ ልጋብዝሽ አልኳት። አቮካዶ በማንጎ አዘዘች፣ እኔ ሻይ። እንግዲህ ትልቅ ሴትዮ ነኝ፣ አባያ ለብሼ፣ አንዲት የአስረኛ ክፍል ልጅ ፊት ቁጭ ብዬ እባክሽ ያቺን ሴትዮ አሳይኝ ብዬ ለመንኩ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ አልሳቀችብኝም። የምትመለስበትን ክፍል ፈልጋ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ከፈተችልኝ። ሚዙካ ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ፊቷን ግማሽ ይሆናል። መርከቡ ሲቆም ትወርዳለች፤ ሁለት ልጆች አሸዋው ላይ ቆመዋል፣ አድገዋል። ማንም ምንም አይናገርም። ሙዚቃ አለ። ልጆቹ ሮጡ፣ እሷም ሮጠች፣ ተቃቀፉ፣ አለቀሱ፤ አሮጊቷ ከኋላ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች። እኔ ሻዬ ላይ አለቀስኩ። አስተናጋጁ ልጅ ሶፍት አመጣልኝ። ታዲያ ምኗ ነው የሚያስጠላው አልኳት ሀይሚን አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

«እኔ አልጠላትም» አለች። «አምስት ነው የሰጠኋት። ዜሮ የሰጠቻት ሳጂ ብቻ ናት። ይሄ ሲን ሲመጣ ሁልጊዜ ስልኩን ታጠፋዋለች።»

ለምን ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች፣ እሷን ይጠይቋት አለችኝ፣ ጁሷን በስትሮ እየመጠጠች። እሷን ይጠይቋት! እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃት? ቦሌ አየር ማረፊያ ስደርስ እኮ እንደዚሁ ነበር የሆነው። እኔ ሮጥኩ፣ ሳጂዳ ቆመች፣ አቀፍኳት፤ ፀጉሯ የማላውቀው ሻምፖ ይሸታል። ዘምዘም ከኋላ ቆማ ታለቅሳለች። ከዚያ መኪና ውስጥ ገባን፤ ሰው ሁሉ ስለ ሻንጣው ጠየቀኝ፣ ስለ በረራው ጠየቀኝ፣ ከሳሽ አለኝ፣ ወፈርሽ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ሌላ ነገር የጠየቀኝ የለም። እኔም ሰላም ነው ብዬ ነበር የተቀበልኩት። አሁን ግን ሰላም መሆኑን እንጃ።

የሐጂ አብዱልናስር ሱቅ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ስጋጃና ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። የሐይቅ ሰው ናቸው፣ አባቴን ያውቃሉ። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔንና ሃይደርንም ሁለቴ አስታርቀውናል፣ በሦስተኛው ባልየው ጠፋ እንጂ። ደግሞ አትሳቁብኝ። ለባል ሽማግሌ ይላካል፣ ለሚስት ይላካል፣ አጥር ለገፋ ጎረቤት ይላካል፤ እናት በልጇ ላይ ሽማግሌ ስትልክ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ግን እኛ ቤት ሦስተኛ ሰው መሀል ካልተቀመጠ ነገር አይወጣም፤ ያለዚያ እስከ ዕለተ ሞታችን ስለ ሽንኩርት ስናወራ መኖራችን ነው። ሐጂ በርጩማ አቀረቡልኝ። ተጣላችሁ ወይ አሉኝ፣ አልተጣላንም አልኩ። ታዲያ ልጅቷ ከማን ጋር ተጣላች አሉኝ። ከካርቱን ጋር አልኩ። እንደ ሌላ ሰው ቢሆኑ ጤናሽን ነው ወይ ይሉኝ ነበር። እሳቸው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ካርቱኗ ልጆቿን ለማን ትታ ሄደች፣ ስንት ጊዜ ቆየች፣ ትልክ ነበር ወይ ብለው እንደ ሰው ጉዳይ እያንዳንዱን ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ስትመለስስ ልጆቹ ምን አሉ አሉኝ። አቅፈው አለቀሱ አልኳቸው። እንዲያው ዝም ብለው ሲሉኝ፣ ዝም ብለው አልኩ። ሐጂ መቁጠሪያውን አቆሙ።

«ይሄማ ልክ አይደለም» አሉ።

እንዴ፣ እርስዎም? ምኑ ነው ልክ ያልሆነው ሐጂ ብዬ ብጠይቅ አልነገሩኝም። ደንበኛ ገብቶ ስጋጃ መለካት ጀመሩ፤ ከአሱር ሶላት በኋላ እመጣለሁ፣ ልጅቷ ትኑር አሉኝ። ከሱቁ ስወጣ ነገሩ ገብቷቸው ይሁን እንደኔ ግራ ገብቷቸው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬም አላውቅም።

ሳጂዳ ከቱቶሪያል ስትመለስ ሐጂ ትልቁ ሶፋ ላይ፣ ዘምዘም አጠገባቸው ወንበር ላይ፣ እኔ ደግሞ ቡፌው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠናል። ያ ቡፌ ውስጥ ያለው ብርጭቆና ሳህን ሁሉ እኔ የላክሁት ነው፤ ግማሹ ከነካርቶኑ ነው ያለው፣ ማንም አልጠጣበትም። ሳጂዳ ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆማ ማን ሞተ አለች። ማንም አልሞተም፣ ቁጭ በይ አሏት ሐጂ። ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። ከዚያ ሚዙካ የምትባል ሴትዮ ላይ ቅሬታ እንዳለሽ ሰምቼ ነው የመጣሁት አሏት፣ በዚያው በትዳር ሽምግልና ድምፃቸው። ልጅቷ እኔን አየች፣ ዘምዘምን አየች፣ ሳቋ መጣ። ሐጂ አልሳቁም። ሳቋ ከንፈሯ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ።

«ሐጂ፣ እሷ እኮ የለችም» አለች።

የለችም ማለት ቀረች ማለት ነው አሉ ሐጂ፤ የቀረ ሰው ደግሞ ወኪል ያቆማል፣ ስለዚህ ማን ይቆምላታል ብለው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ሰው የሞላበት ይመስል። ዘምዘምን አየኋት። ካርቱኑን ከዳር እስከ ዳር ያየችው እሷ ናት፤ እኔ አንድ ቁራጭ ነው ያየሁት። ዘምዘም ምንጣፉ ላይ አቀረቀረች። እኔ እቆማለሁ አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ፤ ሳጂዳ ግን ዛሬ ጮክ በይ አላለችኝም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሰበብ ደረደረች። አኒሜ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ግሩፑ ላይ ሁሉም ይሳደባል፣ ምን አካበዳችሁት አለች። ሐጂ ዝም ብለው ሰሟት፤ መቁጠሪያቸውን ይዘው እንደዛ ዝም ሲሉ ሰው የግዱን ያወራል። ድምጿ እየወረደ፣ ቃሏ እየቀነሰ መጣ። ዓይኗን ከወለሉ አልነቀለችም።

«ስለሄደች አይደለም የምጠላት» አለች። «ሰዉ ሁሉ ለሱ ይመስለዋል። መሄድማ ምን ታድርግ፣ ርቧቸዋል። ስትመለስ ነው። ስትመለስ ማንም ምንም አይጠይቃትም። ሙዚቃ ይከፍቱላታል፣ ያለቅሳሉ፣ በቃ። ልጆቹ ያን ሁሉ ዓመት የሚጠይቋት ነገር አልነበራቸውም እንዴ? ደደብ ናቸው?»

ሐጂ ልክ ነሽ አሏት። እንግዲያው ልጆቹ ያልጠየቁትን አንቺ ጠይቂ፣ ወኪሏ ትመልስልሽ አሏት። እኔ እጄን አባያዬ እጅጌ ውስጥ ከተትኩ። የሪያድ ፖሊስ መኖሪያ ፈቃድሽን አምጪ ሲለኝ እንኳ እንደዛ አልፈራሁም። ሳጂዳ ትንሽ አሰበችና ሚዙካ መርከቡ ላይ ስትወጣ ለምን ወደኋላ ዞራ አላየችም አለች። ብታይ መሄድ ያቅታታል አልኩ። እጇን አወናጨፈች፤ ይሄ የሁሉም መልስ ነው፣ ፊልም ላይ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው አለች። ደነገጥኩ፤ እኔ እኮ ከልቤ ነበር የመለስኩት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሹሙ ቤት ልጆች ነበሩ» አለች። «ሲያልፉ ብቻ ነው የሚታዩት። ስማቸው አንድም ቦታ ላይ አልተጠራም። ማን ማን ይባላሉ?»

«ፈሃድ፣ ረኒም፣ ጀና» አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣው። የሪያድ አሠሪዎቼን ልጆች ስም አዲስ አበባ ላይ ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዘምዘም እንኳ አታውቃቸውም፣ በስልክ የምላት ልጆቹ ብቻ ነበር። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱት። ሚዙካ ከክፍሉ ወጥታ እንደሄደች ሁላችንም አወቅን። ሳጂዳም ዳግመኛ ስሟን አላነሳችም።

«ከሦስቱ በጣም የምትወጂው ማንን ነበር?»

ሁሉንም እኩል አልኳት። ሰው ሲጠይቅ የሚመለሰው እሱ ነው አይደል? እናት ብትሆኚ እሱ ነው፣ ሞግዚት ብትሆኚም እሱ ነው። ሳጂዳ ረጅም ተነፈሰች። አዩ አይደል ሐጂ፣ በቃ እንደዚህ ነው አለች፤ ቦርሳዋን አነሳችና ወደ መኝታ ቤቷ መሄድ ጀመረች። ሐጂ ተመለሺ አላሏትም። መልሴን አገኘሁ አልኩ፤ አልጋውም መጋረጃውም ለሚ ኩራ ባዶ ቤት ሊቀመጥ ነው። ያኔ ዘምዘም ተናገረች፣ ያቺ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ዘይት ስታወራኝ የከረመችው።

«ሸምሲያ» አለችኝ። «ንገሪያት። ይቺ ልጅ ሲዋሽባት ታውቃለች።»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እውነቱን ብነግራት ልጄን አጣለሁ፣ ብዋሽም አጣለሁ። ጀናን ከሆስፒታል የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ እናቷ ታማ ስለነበር የመጀመሪያውን ጡጦ ያጠባኋት እኔ ነኝ። ከሳጂዳ ተለይቼ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ደረቴ ልጅ ማቀፍ ለምዶ ባዶ ቀርቶ፣ ሌሊት ሌሊት ትራሴን አቅፌ ስተኛ፣ ያቺን ቀይ ፍጥረት ሰጡኝ። ምን ላድርግ? ወደድኳት። መጀመሪያ ሳጂዳን እያሰብኩ ነበር የማቅፋት፤ በኋላ ግን እሷኑ ነበር የማቅፈው። አንዳንድ ቀን ከሳጂዳ ጋር በስልክ እያወራሁ ጀና ከጓዳ ካለቀሰች፣ ስልኩን የምዘጋው ኔትወርክ ጠፋ ብዬ ነው። ይሄን ለማን እነግራለሁ? ለአላህም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የነገርኩት።

«ጀናን» አልኩ። «ከሁሉም ጀናን ነበር የምወደው። በጣም እወዳት ነበር። አሁንም እወዳታለሁ።»

ሳጂዳ የመኝታ ቤቱን እጀታ እንደያዘች፣ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ማን ብላ ነበር የምትጠራሽ አለችኝ፣ ሳትዞር። ማማ አልኳት። ዘምዘም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። እኔ ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ፣ ግን ጁስ ቤት ለካርቱን ጨርሼው ነው መሰል ዓይኔ ደረቀ። አሁን ትገባና በሩን ጥርቅም ታደርገዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልገባችም። ዞረች። ፊቷ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ተነፋፍቷል፤ ያቺ ስድስት ዓመቷ ላይ ትቻት የሄድኩት ልጅ ስትናደድ የምትሆነው ልክ እንደዛ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ይሄን ፊት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔም የምወደው እማን ነው» አለች፣ በአገጯ ዘምዘምን እያመለከተች። «ካንቺ በላይ። በጣም በላይ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ደግሞ አይቀየርም።»

«እሺ።»

ዘምዘም ብድግ ብላ ኩሽና ገባች፤ ቧንቧ ስትከፍት ሰማሁ፣ ውኃው ግን አልነበረም፣ አየር ብቻ ነው ያፏጨው። ሳጂዳ እጇን ከበሩ እጀታ አነሳች።

«እንደዛ መሆኑን እያወቅሽ ልምጣ?» አለችኝ።

ውስጤ የሆነውን ነገር እስከ አሁን ስም አላገኘሁለትም። ደስታ ነው እንዳልል አቃጠለኝ። ቅናት ነው እንዳልል የምቀናባት እህቴ ናት፣ ልጄን አብልታ አስተኝታ ያሳደገች። ልጄ እየመጣች ነው ወይስ እየቀጣችኝ ነው? ለሁለቱም ይመስላል፣ ለሁለቱም አይመስልም። ከምንጣፉ መነሳት ፈልጌ አልቻልኩም፤ ተቀምጬ እጄን ዘረጋሁላት።

«ነይ» አልኳት። «እንደዛው ሆነሽ ነይ።»